ቤቱን ሸጦ ለሚሮጠውስ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የመኪና እሽቅድምድም «የሀብታም ልጆች ጨዋታ ነው» ብላችሁ የጻፋችሁትን አነበብኩ። በአብዛኛው እውነታችሁን ነው። ጎማው፣ ነዳጁ፣ መካኒኩ፣ ሁሉም ገንዘብ ይበላል። ግን ናይጀል ማንሰልን እንዴት ረሳችሁት?

እንግሊዛዊው ማንሰል መሐንዲስ ነበር። ፎርሙላ ፎርድ በሚባለው የጀማሪዎች የእሽቅድምድም ደረጃ ለመወዳደር ንብረቱን ሸጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ሥራውንም ለቀቀ። ከሳምንታት በኋላ ብራንድስ ሃች በተባለው የእንግሊዝ የውድድር ሜዳ ላይ ተጋጭቶ አንገቱ ተሰበረ። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ መኪና አትነዳም አሉት። እሱ መች ሊሰማ! ከሆስፒታል በራሱ ፈቃድ ወጥቶ የዚያኑ ዓመት የብሪታንያ የፎርሙላ ፎርድ ሻምፒዮን ሆነ። በ1978 ደግሞ ከፍ ወዳለው ደረጃ፣ ወደ ፎርሙላ 3 ለመግባት መኖሪያ ቤቱን ሸጠ። (ሚስቱ ምን ያህል ታጋሽ ብትሆን ነው?) የቤቱ ገንዘብ የውድድር ዘመኑን እንኳን አላደረሰውም።

የመጨረሻው ከፍተኛ ደረጃ የሆነው ፎርሙላ 1 የገባው በ1980 ከሎተስ ቡድን ጋር ነው። የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ግን በ1992፣ በ39 ዓመቱ፣ በዊሊያምስ ቡድን መኪና ነው።

ኦስትሪያዊው የፎርሙላ 1 ሻምፒዮን ኒኪ ላውዳም ከሀብታም ቤተሰብ ቢወለድም፣ ቤተሰቡ እሽቅድምድሙን ስላልወደደለት ከባንክ ተበድሮ ነው በውድድር ቡድን ውስጥ የሹፌርነት ቦታ የገዛው።

እርግጥ እነዚህ የተሳካላቸው ናቸው። ቤቱን ሸጦ፣ ተበድሮ፣ ቅዳሜና እሁድ ሮጦ ሰኞ ወደ ሥራው የሚመለሰው አማተር ግን ብዙ ነው። ስሙን ማንም አያውቀውም። በሚቀጥለው እትም ስለ እሱ ብትጽፉ በደስታ አነባለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ