የስፖንሰር ጥያቄያችን መሳቢያ ውስጥ የሚቀረው ለምንድን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የጎዳና ሩጫ፣ ባዛር፣ የኪነ ጥበብ ምሽት ወይም የወጣቶች እግር ኳስ ውድድር በተዘጋጀ ቁጥር በገጻችሁ ላይ የሚነበበው ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው፤ «ድርጅቶች ከወሎ ያተርፋሉ፣ ለወሎ ግን አይሰጡም» የሚል። ቅሬታው ጨርሶ መሠረት የለውም አልልም። ይሁን እንጂ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የግል ድርጅት የሽያጭና ማስታወቂያ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ስሠራ የስፖንሰር ጥያቄዎችን አንብቦ ለኃላፊው አስተያየት የሚጽፈው እኔ ነበርኩ፤ ከመሥሪያ ቤቱ ከወጣሁ በኋላ ደግሞ በተራዬ ጠያቂ ሆኜ በየቢሮው ደጅ ጠንቻለሁ። በሁለቱም ወገን ሆኜ ያየሁት ነገር ጥፋቱ በአመዛኙ ከእኛ ከአዘጋጆቹ አቀራረብ የሚመነጭ መሆኑን ስላሳመነኝ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ።

በጠረጴዛዬ ላይ ያለፉት ደብዳቤዎች፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ አንድ ሰው የጻፋቸው ይመስሉ ነበር። «ጉዳዩ፦ የስፖንሰርሺፕ ድጋፍ ስለመጠየቅ» ብለው ይጀምሩና ስለ ኮሚቴው አመሠራረት አንድ አንቀጽ፣ ስለ ከተማችን የቱሪዝም ሀብት ሌላ አንቀጽ ያስከትላሉ፤ መጨረሻ ላይ «ድርጅታችሁ እንደተለመደው የበኩሉን ትብብር እንዲያደርግልን በአክብሮት እንጠይቃለን» የሚለው ይመጣና ክብ ማኅተም ያርፍበታል። ስንት ብር እንደሚፈለግ በግልጽ የሚናገር ከስንት አንድ ነው። ድርጅቱ በምላሹ የሚያገኘውን የሚናገር ደግሞ ከዚያም ያንሳል፤ ቢናገርም «አርማችሁን በባነር ላይ እናወጣለን» ከማለት አያልፍም። እንዲህ ያለው ጽሑፍ በእኛ አገር አነጋገር ሰደቃ መጠየቅ ነው፤ ሰደቃ የሚሰጥ ሰው ደግሞ ኪሱ ውስጥ የተገኘውን ዝርዝር ይሰጣል እንጂ በጀት አይመድብም።

ልዩነቱ ሒሳብ ክፍል ሲደርስ ይበልጥ ይጎላል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ልገሳን ግብር ከመሰላቱ በፊት ከገቢ የሚቀነስ ወጪ አድርጎ የሚቀበለው ሕጉ ለዘረዘራቸው ተቀባዮች ሲሰጥ ነው፤ እሱንም ቢሆን ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦታል። ለማስታወቂያ የወጣ ገንዘብ ግን ውልና ሕጋዊ ደረሰኝ እስካለው ድረስ እንደ ሌላው የሥራ ወጪ የሚታይ ነው። ስለዚህ «ድጋፍ» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው የሒሳብ ሹሙ ገና ከመነሻው ፊቱን ቢያጠቁር ንፉግ ሆኖ አይደለም፤ በየትኛው የሒሳብ መደብ እንደሚመዘግበው ስለሚቸገር ነው። «የማስታወቂያና የገጽታ ግንባታ ውል» ተብሎ፣ አዘጋጁ ደረሰኝ እንደሚቆርጥም ተጠቅሶ ቢቀርብለት ግማሽ መንገድ በተሄደለት ነበር።

ሌላውን ከመውቀሴ በፊት የራሴን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት መነሻውና መድረሻው ደሴ የሚገኘው ሆጤ ሜዳ ለሆነ የጎዳና ሩጫ ስፖንሰር ስናፈላልግ፣ ስሙን የማልጠቅሰው የአንድ ድርጅት የአካባቢ ሥራ አስኪያጅ ሃያ ደቂቃ ሰጠን። እኔም 34 ስላይድ ይዤ ቀረብኩ። የመጀመሪያው ጀምበር ስትጠልቅ የተነሣ የጦሳ ተራራ ፎቶግራፍ ነበር፤ ቀጥሎ የኮሚቴው አባላት ምስል፣ ቀጥሎ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች ከወሎ ጋር ስላላቸው ቁርኝት፣ ሩጫ ከቅኝት ጋር ምን እንደሚያገናኘው አሁንም አላውቅም። አሥራ ዘጠነኛው ስላይድ ላይ ስደርስ መብራት ጠፋ፤ ፕሮጀክተሩም ድርግም አለ። ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብሎ፣ «ግድ የለም፣ በቃል ይንገሩኝ፤ ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ሮጠላችሁ?» አለኝ። «እጅግ ብዙ ሰው፤ መንገዱ ሁሉ አልበቃንም ነበር» ብዬ መለስኩ። «ይሁን፤ ግን ስንት?» አለ። ዝም አልኩ። «ከእነሱ ሴቶቹስ? ከኮምቦልቻ የመጣስ አለ?» ብሎ ደገመ። አሁንም ዝም። ቡና አስመጣልን፤ ስንወጣም እስከ በሩ ሸኝቶን፣ «እናስብበታለን» አለን። የወሎ ሰው እስከ በር ሸኝቶ «እናስብበታለን» ካለ ምን ማለቱ እንደሆነ ደሴ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚያ ወዲህ የገባኝ ነገር ቢኖር አሳማኝ ማቅረቢያ የሚሠራው ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ካለፈው ዝግጅት በር ላይ መሆኑን ነው። በሚቀጥለው ሩጫ ቲሸርቱን በቁጥር እየለየን፣ ዕድሜ፣ ጾታና የመጡበትን ሰፈር በሚጠይቅ ቅጽ ላይ እያስፈረምን አደልን፤ በመግቢያው ሁለት ተማሪዎች ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ተመልካቹን በየአምስቱ እየጫሩ ቆጠሩ። ማቅረቢያችንም ወደ ዘጠኝ ስላይድ ወረደ፤ የመጀመሪያውም ጦሳ መሆኑ ቀርቶ የሚመጣው ሰው ማን እንደሆነ የሚያሳይ ሆነ።

ዋጋውም በዚያው መንገድ መቅረብ አለበት። ለምሳሌ 2,000 ሰው ለሚሳተፍበት ሩጫ 300,000 ብር ቢጠየቅ ብሩ ለብቻው ሲታይ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን አርማው ያረፈበትን ቲሸርት ለብሶ ወደ ቤቱ ለሚገባ አንድ ሰው 150 ብር ማለት እንደሆነ ሲነገር ሥራ አስኪያጁ ከሌላ የማስታወቂያ ወጪው ጋር ሊያነጻጽረው የሚችል ቁጥር ያገኛል። በኅዳር 1994 ዓ.ም. በ10,000 ሯጮች የጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የዋና ስፖንሰሩን ስም ከራሱ ስም ፊት አስቀድሞ ሲጠራና አርማውን በየሯጩ ደረት ላይ ሲያወጣ የሸጠው ይኸንኑ ነው። ሰኞ ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴም ቢሆን ጣቃውን ሳይዘረጋና ገዢው በእጁ ሳይዳስሰው ስለ ፋብሪካው ታሪክ አያወራም።

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ያለን ጠያቂዎች ደግሞ የአዲስ አበባ አዘጋጅ የማይገጥመው አንድ ችግር አለብን። ማቅረቢያችንን የሚሰማው የቅርንጫፍ ወይም የዲስትሪክት ኃላፊ አብዛኛውን ጊዜ የመወሰን ሥልጣን የለውም፤ ወረቀታችንን ተቀብሎ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወዳለው ዋና መሥሪያ ቤት ይልከዋል። እዚያ የሚያነበው ሰው ሆጤን አይቶ የማያውቅ፣ በ2014 ዓ.ም. ሁለቱም ከተሞች በጦርነቱ የደረሰባቸውን ጉዳት የሰማ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን ስላለው የጸጥታ ሁኔታም በየቀኑ የሚሰማ ነው። እኛ በአንደበታችን ያሳመርነው ሁሉ እዚህ ይቀራል፤ የሚሄደው ወረቀቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ እኛ በሌለንበት ራሱን ችሎ መናገር አለበት፤ በክብር እንግዶች ጠረጴዛ ፋንታ ከፎቅ ላይ የተነሣ የሕዝቡ ፎቶግራፍ ይኑረው፤ አንባቢው ሊጠይቅ አፍሮ በልቡ የሚይዘውን የጸጥታ ጥያቄም ራሳችን አንስተን እንመልስለት። የፈቃድ ደብዳቤው ከማን እንደተገኘ፣ ቀኑ ቢራዘም ተለዋጩ ቀን መቼ እንደሆነ፣ ዝግጅቱ ጨርሶ ቢሰረዝ ከተከፈለው ምን ያህሉ በስንት ቀን እንደሚመለስ በሁለት አንቀጽ የጻፈ ኮሚቴ በዘመኔ ያየሁት አንድ ብቻ ነው፤ ገንዘቡንም አግኝቷል።

ማንን መጠየቅ እንዳለብንም ቆም ብለን አናስብም። አንዱን ደብዳቤ አባዝተን ለባንኩም፣ ለሆቴሉም፣ ለፋብሪካውም እንበትነዋለን። በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያሉ ልብስ ሰፊ ፋብሪካዎች ምርታቸውን የሚያዘጋጁት በዋናነት ለውጭ ገበያ ስለሆነ የደሴ ሸማች አርማቸውን ቢያይ ባያይ ግድ የላቸውም፤ በ2014 ዓ.ም. አገራችን ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ለማስገባት ከሚፈቅደው ከአጎዋ ተጠቃሚነት ከታገደች ወዲህ ደግሞ ለማስታወቂያ የሚተርፍ ገንዘብ ማግኘታቸው ያጠራጥራል። እነርሱን የሚያሳስባቸው ሠራተኛ ማግኘትና የለመደው ሠራተኛ እንዳይለቅባቸው ማድረግ ነው። ለእነዚህ የሚቀርበው ሐሳብ ለሠራተኞቻቸው የተለየ የሩጫ ምድብ፣ ለቤተሰቦቻቸው የተያዘ ቦታ፣ በሜዳው ላይም የቅጥር መመዝገቢያ ድንኳን ሊሆን ይገባል። ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጡ ባንኮች ግን ተቃራኒ ናቸው፤ ብዙ ሙስሊም ነዋሪ ባለባት ከተማ አዲስ ደንበኛ ይፈልጋሉ፤ ለእነርሱ ቅጹ ላይ የሰበሰብነው የሰፈርና የዕድሜ ቁጥር ከወርቅ ይበልጣል። ኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ስለሆነች ብዙ ኮሚቴ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደዚያ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ያገደ በመሆኑ ዝግጅቱን በቴሌቪዥን አስተላልፋለሁ የሚል አዘጋጅ ለቢራ ፋብሪካ የገባውን ቃል ሊፈጽም እንደማይችል አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል፤ ሕጉን ትተን እንኳ የቢራ ባነር የተሰቀለበት የቤተሰብ ሩጫ ላይ ልጆቻቸውን የማያመጡ ጎረቤቶች እንዳሉን አንዘንጋ።

ስለ «ፕላቲኒየም»፣ «ወርቅ» እና «ብር» ደረጃዎች ብዙ ማለት አልፈልግም፤ ከአዲስ አበባ ሆቴሎች የተቀዱ ናቸው፤ እዚህ አንድ ዋና ስፖንሰርና በዓይነት የሚረዱ ጥቂት ድርጅቶች ይበቃሉ። ነገር ግን ሁለት ተፎካካሪ ባንኮችን ሳያሳውቁ በአንድ ባነር ላይ ጎን ለጎን ማስፈር ሁለቱንም ለዘለቄታው ማጣት ነው፤ በእኔም ላይ ደርሷል።

ከሁሉም የባሰው የጊዜ ጉዳይ ነው። የባንኮቹና የብዙዎቹ ትልልቅ ድርጅቶች የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የቀጣዩ ዓመት የማስታወቂያ ዕቅድም ከዚያ ቀደም ብሎ ይረቀቃል። እኛ ለጥር የታሰበ ዝግጅት ይዘን በኅዳር ስንደርስ ገንዘቡ ለሌላ ተመድቦ እናገኘዋለን፤ በግንቦት ብንደርስ ኖሮ ግን ስማችን ዕቅዱ ላይ በገባ ነበር። ዝግጅቱ ካለቀ በኋላ ፎቶግራፍ፣ የተሳታፊ ቁጥርና የወጪ ዝርዝር የያዘ አጭር ሪፖርት ለስፖንሰሩ የሚልክ ኮሚቴም እምብዛም አላየሁም፤ ያ ሪፖርት ለሚቀጥለው ዓመት ማቅረቢያ የመጀመሪያው ገጽ ይሆን ነበር።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የሁለቱ ከተሞች የባህልና የስፖርት ክፍሎች የቀጣዩን ዓመት ዝግጅቶች ቀን፣ ቦታና አዘጋጅ የያዘ አንድ ሰሌዳ እስከ ግንቦት አጋማሽ ቢያወጡ አንድ ሳምንት ላይ ሦስት ባዛር መደራረቡ ይቀንስልናል፤ ኮሚቴዎችም በማቅረቢያቸው ላይ በማኅተም የተረጋገጠ ቀን ሊጠቅሱ ይችላሉ። ጋዜጣችሁ ደግሞ «የሚዲያ አጋር» ሆኖ ሲቀርብ ስንት ዓምድ፣ በስንት እትም፣ በየትኛው ገጽ እንደሚሰጥ በጽሑፍ ቢያስታውቀን ለስፖንሰሩ ያንኑ እንዳለ ለማሳየት ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የጋዜጣችሁ አንባቢ
ከደሴ፣ ቧንቧ ውኃ