አባባ፣ እህቴን ሽማግሌ ፊት አያቅርቡብኝ

ይድረስ ለማከብርዎት አባቴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ሰነበቱ? እማስ ጉልበቷን ተሻላት? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ ለልጅ አያስነብቡት። በ1970ዎቹ በመሠረተ ትምህርት በቆጠሩት ፊደል ራስዎ ቀስ ብለው ያንብቡት፤ በትልልቁ የጻፍኩት ለዚሁ ነው።

እህቴን ወደ የመን የወሰዳት ደላላ ሽማግሌ መላኩን፣ አበጋሩም ነገሩን ለመያዝ እሺ ማለታቸውን ሰማሁ። እህቴም መጥታ የሆነውን ትናገር ተብሏል አሉ። አባባ፣ ይሄ አይሆንም። አበጋር ደም ያደርቃል፣ ወሰን የተጋፋ ያስታርቃል፤ ወሎ ተከባብሮ የኖረው በነሱ ነው። ይሄ ግን የሕግ ጉዳይ ነው። «ፈቅዳ ነው የሄደች» ለሚሉትም፣ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሰው ተታሎ ከተሸጠ «ፈቅዶ ነበር» ማለት ደላላውን አያድነውም። የቤት ሥራ ነው ብሎ በአፋር ሎጊያ፣ በጅቡቲ ኦቦክ አሻግሮ የመን ላይ ለምን እንደሸጣት እርስዎም እኔም እናውቃለን፤ አልጽፈውም።

ቀን ላያት ሰው ደህና ናት። የማታውቀው ቁጥር ሲደውል ግን ሲኒው ከእጇ ይወድቃል። ሌሊት ተነስታ የበሩን መቀርቀሪያ ትነካካለች፣ ተመልሳ ትተኛለች፣ ደግሞ ትነሳለች። ሻይ ቤት ገብተን ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ በሩን የምታይበት ወንበር ካላገኘች አትቀመጥም። እማ ጂኒ ነው ትላለች። ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ ግን አደጋው ቢያልፍም ሰውነቷ ገና አላመነም። ነገሩ ሲነሳባት ያለፈ ነገር ሆኖ አይታያትም፤ አሁን፣ እዚያው ሆኖ ነው የሚመጣባት። ስለዚህ ሕክምናው የሆነውን በማስወራት አይጀምርም። መጀመሪያ እንቅልፏን ያስተካክላሉ፤ ሲመጣባት ትንፋሿን ማርገብን፣ «ደሴ ነኝ፣ እህቴ ቤት ነኝ» ብላ ለራሷ መንገርን ያለማምዷታል። የቀረውን በፈለገች ጊዜ፣ ለመረጠችው ሰው፣ የቻለችውን ያህል ትናገራለች። ሽማግሌ ከቦ «ከዚያስ?» እያለ ቢጠይቃት የደከምንበት ሁሉ ይፈርሳል።

ኪኒንም ታዞላታል። መሥራት እስኪጀምር ሳምንታት ይፈጃል፤ ተሻለኝ ብላም በራሷ ማቆም የለባትም። ዱዓውን አልከለከልኩም፤ ወዳጃ ተቀምጠው በጋራ ዱዓ ቢያደርጉላት እሷም ደስ ይላታል። ግን ጭስ የሚያጥን፣ በአለንጋ ጂኒ አስወጣለሁ የሚል ሰው እንዳይደርስባት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አይቆጡኝ። በስልክ «ጥማዷን በልታ መጣች» ያሉትን ሰምታዋለች። በክፋት እንዳላሉት አውቃለሁ፤ ለሷ ብሎ በሬ ሸጦ ባዶ ማሳ ማየት ቀላል አይደለም። ቢሆንም የበሬውን ነገር እሷ ባለችበት አያንሱብኝ። የጋብቻውንም ጥያቄ «ጊዜው አይደለም» ብለው ይመልሱልኝ፤ ለማን እንደሚድሯት እሷን ሳንጠይቅ የሚወሰን ነገር ከእንግዲህ አይኑር።

ሊያዩዋት ከመጡ ሐሙስ ይሁን፤ ሰኞ የባቲ ገበያ አለብዎት፣ ረቡዕ እሷ ቀጠሮ አላት። መናኸሪያ ሲደርሱ ይደውሉልኝ፣ ወጥቼ እቀበልዎታለሁ፤ ሳታውቅ በር እንዳይንኳኳባት ነው። ቅቤ አያምጡ፣ ያለፈው አላለቀም።

ልጅዎ
ከደሴ