በእባብ የተነደፈ ሰው ደሙም ይታይለት፦ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ጤና ቢሮ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ በጎጃም ቆላዎች ለእባብ ንድፊያ የሚሰጠው ሕክምና እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

በዓባይ በረሃ አፋፍ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ያገለገልሁ ነርስ ነኝ። እባብ የነደፈው ሰው ከቆላው በቃሬዛ ሲደርሰን ብዙ ጊዜ እግሩ በመቀነት ወይም በልጥ ተጠፍሮ፣ የተነደፈበት ቦታ በምላጭ ተበጥቶ ነው። አስታማሚውም ባለሙያውም ዓይኑን እብጠቱ ላይ ይጥላል። ዋናው አደጋ ግን በዚያች ሰዓት በደም ሥሩ ውስጥ እየሄደ ነው።

የእፉኝት መርዝ የብዙ ኢንዛይሞች ቅልቅል ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የቀጫጭን ደም ሥሮችን ግድግዳ ደግፎ የያዘውን ስስ ሽፋን ይበጣጥሳሉ፤ ደሙና የደሙ ውኃ ወደ ሥጋው ይሰርጋል። እግር ከጣት እስከ ጭን ሲያብጥ ያ ሁሉ ፈሳሽ የወጣው ከደም ሥር ነው። ስለዚህ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ልብ የጎደለውን ለመሙላት ይሮጣል፣ ኩላሊትም ደም ያጥረዋል። ስትቆጣ ጮክ ብላ የምትተነፍሰው ወፍራሟ እፉኝት ደግሞ መርዟ የልብ ምትን ጭምር ሊያዘገይ ይችላል።

በሀገራችን ቆላዎች የምትገኘው፣ ቅርፊቷን እርስ በርሱ እያፋተገች ድምፅ የምታሰማው ትንሿ እፉኝት የምታደርሰው ጉዳት ከዚህ ይለያል። መርዟ ፕሮትሮምቢን የተባለውን የደም ፕሮቲን ያለ ጊዜው ይቀሰቅሰዋል። ለመርጋት የሚያገለግለው ፋይብሪኖጅን በከንቱ ይባክንና በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ድድ ይደማል፣ ሽንት ይቀላል፣ ደም አንጎል ውስጥም ሊፈስ ይችላል። ምላጭ የነካው ቦታማ ጨርሶ አልደርቅ ይላል። ምላጩን አጥብቄ የምቃወመው ለዚህ ነው። ለሕመም ማስታገሻ ተብሎ በጡንቻ የሚወጋው ዳይክሎፌናክም በእንዲህ ያለ ሰው ላይ የመድማቱን አደጋ ይጨምራል።

መርዝ በደም ሥር ላይ ያለው ኃይል ለሳይንስ አዲስ አይደለም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአንዲት የብራዚል እፉኝት መርዝ ላይ የተደረገው ምርምር ካፕቶፕሪል ለተባለው የግፊት መድኃኒት መንገድ ከፈተ፤ ኢናላፕሪልም ተከተለው። ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም ኢናላፕሪል የሚውጡ አባቶችና እናቶች ከዚያ ምርምር ተጠቅመዋል። በመርዙ የሚጎዳው የቆላ ገበሬም ከሳይንሱ ድርሻው ሊደርሰው ይገባል።

የምለምናችሁ የመጀመሪያው ነገር ርካሽ ነው። ሁለት ሚሊ ሊትር ደም ከክንድ ይቀዳል፤ ንጹሕና ደረቅ በሆነ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ይደረጋል፤ ሳይነካና ሳይነቀነቅ 20 ደቂቃ ይቆማል። ከዚያ ቱቦው አንድ ጊዜ ይዘቀዘቃል። ደሙ ረግቶ ከያዘ መልካም፤ እንደ ውኃ ከፈሰሰ መርዙ የመርጋት ኃይሉን ጨርሶታል፣ ሰውየው ፀረ መርዝ፣ ማለትም የእባቡን መርዝ የሚያከሽፍ መድኃኒት፣ ያስፈልገዋል። መብራት አይፈልግም፣ ማሽን አይፈልግም። ቱቦው ግን የግድ ብርጭቆ መሆን አለበት፤ በፕላስቲክ ወይም በሳሙና በታጠበ ቱቦ ጤነኛ ደም እንኳ ላይረጋ ስለሚችል ውጤቱ ያሳስታል። ባገለገልሁበት ጤና ጣቢያ መደርደሪያው ላይ የነበረው ሁሉ ፕላስቲክ ነበር። ምርመራው መጀመሪያ ረግቶ ቢገኝም ሰውየው ወዲያው መሸኘት የለበትም፤ መርዙ ዘግይቶ ሊሠራ ስለሚችል መደገም አለበት።

ሁለተኛው ፀረ መርዙ ራሱ ነው። ማንኛውም ፀረ መርዝ ለማንኛውም እባብ አይሆንም። በጋና ሀገር፣ በሕንድ እባቦች መርዝ የተሠራ ፀረ መርዝ በአገልግሎት ላይ ሲውል፣ ከመቶ ሁለት እንኳ የማይሞላው የሟቾች መጠን ወደ 12 አሻቅቧል። ለአፍሪካ እባቦች ይመረት ከነበረው አንዱ ታዋቂ መድኃኒት ደግሞ ምርቱ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ቆሟል። ስለዚህ ግዢ ሲፈጸም ከዋጋው በፊት በየትኞቹ እባቦች መርዝ እንደተሠራ ይነበብ። የሕፃን መጠን እንደ ክብደቱ እንዳይቀነስም ለባለሙያዎች ይነገር፤ እባቡ ለሕፃን ብሎ መርዙን አያሳንስም። መድኃኒቱ ራሱ ድንገተኛ አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል አድሬናሊን ከጎኑ ይዘጋጅ።

የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን በ2017 (እ.ኤ.አ.) ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ መድቦታል፤ በ2019 ባወጣው ዕቅድም ሞትንና አካል ጉዳትን እስከ 2030 በግማሽ ለመቀነስ አስቧል። ከጃዊ የሰሊጥ ማሳ የሚነሣ የቀን ሠራተኛ ሆስፒታል እስኪደርስ የሚያልፈውን ሰዓት ታውቃላችሁ። የብርጭቆ ቱቦዎቹ የሰሊጥ አጨዳ ሳይጀመር በጃዊና በዓባይ በረሃ ዙሪያ ላሉ ጤና ጣቢያዎች ይድረሱ። የትኛው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ፀረ መርዝ እንዳለው በጽሑፍ ተዘርዝሮ ለየወረዳውና ለአምቡላንስ ሾፌሮች ይሰጥ፤ ዝርዝሩም በየወሩ ይታደስ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ምላጩና ማሰሪያው እንዲቀር፣ የተነደፈው እግር ሳይንቀሳቀስ ሰውየው በፍጥነት እንዲጓዝ በየቤቱ ያስተምሩ።

ምላሻችሁን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

ከምሥራቅ ጎጃም አንድ ነርስ