ስኮርታው የት አለ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ባለፈው ሰሞን በተሽከርካሪ ዓምዳችሁ ራን ፍላት የሚባለውን ጎማ በተራ ጎማ ስለ መቀየር የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩ። ወጪ ይቀንሳል፣ ጉዞው ይለሰልሳል ይላል። ሁለቱም ልክ ነው፤ ቀይሬ አይቼዋለሁ። ጽሑፉ የዘለለው ከተቀየረ በኋላ ያለውን ነው። እኔም የተማርኩት እዚያው የተዘለለው ላይ፣ ከሉማሜ አለፍ ብሎ፣ በነሐሴ ዝናብ ነው።

መኪናዬ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ2008 ስሪት የሆነች የጀርመን አውቶሞቢል ናት። ከፋብሪካ በራን ፍላት ስለ ወጣች ስኮርታ (መጠባበቂያ ጎማ) የላትም፤ መኪና ማንሻው ክሪክና የጎማ መፍቻም አብረው ቀርተዋል። የዚያ ጎማ ጎኑ ወፍራምና ጠንካራ በመሆኑ ነፋሱ ቢያልቅም መኪናዋን ተሸክሞ ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀደው በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ሳያልፉ እስከ 80 ኪሎ ሜትር ርቀት ነው። አንድ ጊዜ ደምበጫ ላይ ምስማር ወግቶኝ ደብረ ማርቆስ ቤቴ ድረስ ነድቼ ገብቻለሁ። ኋላ ጉድ የሠራኝ ይኸው ልማድ ነው።

አራቱም ሲያልቁ በተራ ጎማ አስቀየርኩ። ሻጩም ጎሚስታውም «ስኮርታው የት አለ?» ብለው አልጠየቁኝም። እኔም 40 ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው፣ ከአንዱ ወገን የቀነስኩትን ከሌላውም ሳላስተካክል እኩልታውን ዘጋሁት።

እናቴን ደጀን ላደርስ ስሄድ አንድ የጭነት መኪና ጎማውን አስደግፎበት የተወው ድንጋይ መሀል መንገድ ላይ ጠበቀኝ። (ድንጋዩን ሳያነሡ መሄድ ለብቻው ደብዳቤ የሚያስጽፍ ነው።) የቀኙን የፊት ጎማ ጎኑን ሰነጠቀው። እኔ ደግሞ እንደ ደምበጫው ጊዜ ቀስ እያልኩ ነዳሁ። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሄጄ ስወርድ ጎማው እንደ አሮጌ ቀበቶ ተበጣጥሷል፤ ጎማው የሚገጠምበት ብረት፣ ቸርኬውም፣ ጠርዙ ተበልቷል።

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ቆመልኝ። ወጣት ነው።

«አባቴ፣ ክሪክ አለዎት?»

«የለኝም።»

«መፍቻስ?»

«የለኝም።»

ትንሽ ዝም ብሎ «ስኮርታስ?» አለ።

እናቴ ከውስጥ ሆና «እሱ እኔን ብቻ ነው የጫነው» አለችው።

ልጁ የራሱን ክሪክ አመጣ። ክሪኩ ከመኪናዬ ሆድ ይረዝማል፤ አስተኝቶም አቁሞም ሞከረው። መፍቻው ለ32 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኔ ቡሎን 17 ነው። ሁሉም ቢገጥም ኖሮስ በምን ልንተካው? እናቴን በሚኒባስ ሸኘሁና አመሻሹ ላይ መኪናዬን በጭነት መኪና አስጭኜ ተመለስኩ። ኪራዩን አልናገርም፤ ባለቤቴ ይህን ጋዜጣ ታነባለች።

ከዚያ ወዲያ ያገለገለ ቸርኬ ፍለጋ ወጣሁ። ባለ5 ቀዳዳ መሆኑ አይበቃም። የመጀመሪያው ቡሎኖቹ ገጥመው የመካከሉ ቀዳዳ ጠቦ ተመለሰ፤ የኔዋ 72.6 ሚሊ ሜትር ትፈልጋለች። ሁለተኛው ገጠመ። ከፊት በኩልም አስገጥሜ የፍሬኑን አካል እንደማይነካ አየሁ፤ ከኋላ የሚያልፍ ቸርኬ ከፊት ሊነካ ይችላልና። ጎማው ከአራቱ ጋር አንድ ልክ ነው።

ቀጥሎ ግቢዬ ውስጥ ሞከርኩት። የኔዋ ቸርኬው የሚንጠለጠልበት ቋሚ ብሎን የላትም፤ ጎማውን በጉልበት ደግፎ ቀዳዳ ለቀዳዳ እያስተያዩ ቡሎን ማስገባት ነው። ለ67 ዓመት ሰው ቅጣት ነው። የሰፈራችን ብረት ሠራተኛ አንድ ቡሎን አናቱን ቆርጦ አረዘመልኝ። መጀመሪያ እሱን አስገብቼ ቸርኬውን እሰቅልበታለሁ፣ አራቱን አጥብቄ በመጨረሻ በቦታው አምስተኛውን አስገባለሁ። ባለቤቴ ሰዓት ይዛ 40 ደቂቃ ፈጀብኝ፤ በሦስተኛው ሙከራ 18 ደረሰ። ክሪኩ ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የማነጥፈው የዋንዛ ጣውላ አለኝ። ስኮርታውን በገመድ አስሬዋለሁ፤ በአባይ በረሃ ቁልቁለት ፍሬን ስይዝ 20 ኪሎ ግራም ከኋላ እንዲመጣብኝ አልሻም።

ቀዳዳ የሚደፍነው ፈሳሽና ትንሿ ባለ12 ቮልት የነፋስ መሙያ ይበቃሉ የሚሉ አሉ። ለምስማር ቀዳዳ ጥሩ ናቸው፤ መሙያዋን እኔም ይዣለሁ። ድንጋይ ጎኑን ለሰነጠቀው ጎማ ግን ፈሳሹ አስፋልት ላይ ከመፍሰስ ሌላ ጥቅም የለውም። ጊዜው የሚያልፍበት መሆኑም ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል።

ዓምዱን የሚያዘጋጁት ሰው ጉዳዩን ከደገሙት ከዋጋው ሠንጠረዥ አጠገብ የስኮርታ፣ የክሪክና የመፍቻ ወጪ እንዲደመርበት እለምናለሁ። በኔ ስሌት ከራን ፍላቱ አሁንም ይረክሳል፤ ጽሑፉ ባለው መጠን ግን አይደለም። የሻንጣው ቦታም ተቀንሷል፤ ኩንታል ጤፍ አሁን ከኋላ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው፣ እናቴም ከፊት።

ጡረተኛ የሒሳብ መምህር
ከደብረ ማርቆስ