መስታወት ሲሰበር መጥረጊያ ከማንሳታችሁ በፊት

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤
አዳማ

ሰሞኑን ወደ ሱቃችን ጎራ ከሚሉ ሰዎች ብዙዎቹ ገና ከበር ሲገቡ «ቤቴ መድን አለው፤ ለመድን የሚሆን ፕሮፎርማ ጻፉልኝ» ይሉናል፤ የጥገናውን ዋጋ የሚገልጽ ወረቀት ማለታቸው ነው። እንጽፋለን። ከሳምንታት በኋላ ግን ያንኑ ወረቀት ይዘው፣ ካሳው ተከልክሎ፣ በእኛም በመድን ድርጅቱም አዝነው የሚመለሱ አሉ። መስታወት ቆራጮች እንጂ የመድን ሰዎች አይደለንም፤ ሆኖም ይህ ነገር ስለተደጋገመ በሥራችን ያየነውን ልንጽፍላችሁ ወደድን።

በመጀመሪያ ውሉን ከመሳቢያ አውጡት። ከደንበኞቻችን ብዙዎቹ ለቤታቸው መድን የገቡት ባንክ ሲያበድራቸው ስለጠየቃቸው ነው፤ እንዲህ ያለው ውል ደግሞ ብዙ ጊዜ የእሳትና የመብረቅ ብቻ ነው። አውሎ ነፋስ፣ ጎርፍ፣ የተሽከርካሪ ግጭት፣ ሁከትና የመሬት መንቀጥቀጥ ተጨማሪ ዓረቦን (የመድን መግቢያ ክፍያ) ተከፍሎባቸው የሚገቡ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣው መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ ሲሰማ፣ ውላቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበቡ ደንበኞች ነበሩን።

መድን ሰጪው መስታወቱ መሰበሩን አይጠራጠርም። የሚጠይቀው ምን እንደሰበረው ነው። አዳማ ነፋሻ ከተማ ናት፤ 51 እና 153 ሜጋ ዋት አቅም ያላቸው ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ከዳርቻዋ የተተከሉት በከንቱ አይደለም። ነገር ግን መቀርቀሪያው ሳይያዝ የተተወን መስኮት የከሰዓት ነፋስ ከግድግዳ አላትሞ ቢሰብረው፣ «አውሎ ነፋስ ነው» ብሎ መድን ድርጅቱ የሚልከውን የጉዳት ገማች ማሳመን ይከብዳል። በእርጅና የደረቀ ጎማ፣ የተጣመመ ፍሬም፣ የሰመጠ ግድግዳ ያመጣው ስንጥቅም እንደ ድንገተኛ አደጋ አይቆጠርም።

ስብራቱ ራሱ ይናገራል። ጠጠር የመታው መስታወት ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ እንደ ሸረሪት ድር ይበተናል። ግማሹ ፀሐይ፣ ግማሹ ጥላ ላይ ውሎ በሙቀት የተሰነጠቀው ግን ከጠርዙ ቀጥ ብሎ ይገባና መሐል ላይ ይታጠፋል፤ የመመታት ምልክት የለውም። ቴምፐርድ (በሙቀት እንዲጠነክር የተደረገ) መስታወት ደግሞ እንደ በቆሎ ፍሬ ስለሚረግፍ፣ አንዴ ከተጠረገ ምን እንደሰበረው ለማወቅ የሚያስችል ነገር እምብዛም አይተርፍም። ባለፈው የመጣች አንዲት ደንበኛ ግቢዋን አጥባ፣ ስብርባሪውን ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ሰጥታ፣ በስልኳ ያሳየችን ባዶውን ፍሬም ብቻ ነበር። እኛ በእርግጥ ምን ልንጽፍላት እንችላለን?

ስለዚህ ፎቶ አንሡ፤ ከቅርብም ከሩቅም፣ ድንጋይ ካለም ከነድንጋዩ። ስብርባሪውን በካርቶን አስቀምጡ። ዝናብ ወይም ሌባ እንዳይገባ ክፍተቱን በኮምፔንሳቶ ወይም በላስቲክ ሸፍኑ፤ ጉዳቱ እንዳይብስ መከላከል የመድን ገቢው ግዴታ ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ አደጋው መድረሱን ካወቃችሁ በአምስት ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው እንድታሳውቁ ያዛል። ሌባ ሰብሮ ከሆነ ፖሊስ ጣቢያ ቀድማችሁ ሂዱ። ባጃጅ ወይም መኪና ከሆነ ሰሌዳውን ያዙ፤ የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ስለሆነ ካሳው ከዚያ በኩል ሊመጣ ይችላል።

የጎረቤት ልጅ ኳስ ሲሆን ነገሩ ይወሳሰባል። ብዙዎቻችን «ልጅ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብለን ቡና ተጠራርተን እንተወዋለን፤ ደግም እናደርጋለን። ይሁን እንጂ መድን ድርጅቱ ካሳ ከከፈለ በኋላ በእናንተ ቦታ ተተክቶ የልጁን አባት ሊጠይቅ መብት አለው። ይቅርታውን ቀድማችሁ ከሰጣችሁ ያን መብት ዘግታችሁበታልና የእናንተንም ካሳ ሊከለክል ይችላል። ለአንድ መስታወት ከጎረቤት ጋር ከመካሰስ፣ አባትየው ግማሹን ዋጋ ቢሸፍን ይሻላል እንላለን፤ ፕሮፎርማውንም ለሁለታችሁ እኩል አድርገን እንጽፋለን።

ሌላው የቤቱ ግምት ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባው አሉሚኒየምና መስታወት ዋጋው ንሯል፤ የብዙ ውሎች ግምት ግን የድሮው ነው። ለምሳሌ መልሶ ለመሥራት 6 ሚሊዮን ብር የሚፈጅ ቤት በ3 ሚሊዮን መድን ቢገባ፣ መድን የተገባው ለቤቱ ግማሽ ዋጋ ብቻ ስለሆነ፣ የ30,000 ብር ጉዳት ሲደርስ የሚታሰበውም ግማሹ፣ 15,000 ብር ነው። ውሉ 5,000 ብር ተቀናሽ (ከካሳው ላይ እናንተ ራሳችሁ የምትሸከሙት) ካለው እጃችሁ የሚገባው 10,000 ነው። ውል ስታድሱ ግምቱን አስከልሱት።

«ዋጋውን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ጻፉልን» ለምትሉን፦ አንጽፍም። የ4 ሚሊ ሜትር መስታወት ተሰብሮ የ6 ሚሊ ሜትር ነው ብለን አንጽፍም፤ የአንዱን መስኮት ስብራትም የሦስት አናደርግም። ገማቹ ሜትር ይዞ ይመጣል፤ የሐሰት ወረቀት ከተገኘ ሙሉ ካሳችሁ ይቀራል።

ከዛሬ ጀምሮ ለመድን የሚሆን ፕሮፎርማ የምንሰጠው ባለሙያችን ስብራቱን ካየ ወይም ግልጽ ፎቶ ከደረሰን በኋላ ይሆናል። በከተማው ውስጥ ለማየት ስንመጣ ክፍያ አንጠይቅም፤ ከከተማ ውጪ ላላችሁ የትራንስፖርት ብቻ ነው። እሑድ ዝግ ነን፤ ስልኩ ግን ይነሣል።

ከአክብሮት ጋር፣
የመስታወትና አሉሚኒየም ሥራ ድርጅታችሁ