ያቺን ሰማያዊ ሲዲ ታስታውሳታለህ?

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? የፍራንክፈርት ብርድስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ደህና ነኝ። አራት ዓመት ጠፍቶ «ደህና ነኝ» ማለት እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። ስትደውል አላነሳሁም፤ የላክኸውን የድምፅ መልእክትም ሰምቼ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በለኝ፤ የቀረውን ስትመጣ ፊት ለፊት ትሰድበኛለህ። የዚያን ማታውን ነገር ግን በደብዳቤ አላነሳውም።

የምጽፍልህ ለሌላ ጉዳይ ነው። በል እንግዲህ፣ «ሲቸግረው ብቻ ነው የሚያስታውሰኝ» በል፤ እውነትህን ነው።

ቤት ስንቀይር ያ የሲዲ ካርቶን ከቁም ሳጥን ሥር ወጣ። የዛሬ ላፕቶፕ ሲዲ መክተቻ የለው፤ በዩኤስቢ የሚሰካ ማንበቢያ ከጎረቤት ተዋስኩና ሁሉንም ልገለብጥ ተነሳሁ። ድሮ ፍላሽ ላይ ብዙ ዘፈን እንዲገባልን ብለን በ128 ኪሎቢት ኤምፒስሪ ስንገለብጥ ትዝ ይልሃል? ሲዲው ላይ ያለው በሰከንድ 1411 ኪሎቢት ነው። ከአሥራ አንድ እጅ አንዱን ይዘን «ምንም ልዩነት የለውም» እያልን ስንከራከር ኖረናል! አሁን የማስቀምጠው ፍላክ በሚባል የፋይል ዓይነት ነው። አጥፎ ያስቀምጠዋል እንጂ ምንም አይቆርጥበትም፤ ሲፈታ ሲዲው ላይ የነበረው እንዳለ ይመለሳል።

ሲዲ የሚገለብጥ ሶፍትዌር ስመርጥ ሁለት ሳምንት አለፈ። ባለቤቴ «እኔን ስትመርጥ እንኳ ይህን ያህል አላሰብክም» አለችኝ። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ማጫወቻም ፍላክ ያወጣል፣ ፈጣንም ነው፤ ግን ጭረት ሲያጋጥመው ምን እንዳደረገ አይነግርህም፣ ጨረስኩ ይልሃል። ዲቢፓወርአምፕ ደስ ይላል፤ የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ ግን ክፍያ ይጠይቃል፣ እኔ ደግሞ ዶላር ከየት አባቴ ላመጣ? ኤክስኤልዲ ለማክ ነው፣ ማክ የለኝም። በመጨረሻ ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ ላይ አረፍኩ። ነፃ ነው። የሠራውም ያገርህ ሰው ነው፣ አንድሬ ቪትሆፍ የሚባል ጀርመናዊ። መልኩ የቀበሌ ቅጽ ይመስላል፣ ግን እልኸኛ ነው። አንዱን ቁራጭ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያነባል፤ ካልተስማማለት እየተመለሰ፣ ሲብስበት እስከ 82 ጊዜ ድረስ ያነበዋል። አንዷን ዘፈን ይዞ እኔ ምሳ በልቼ፣ ቡና ጠጥቼ ስመለስ እዚያው ሲፍጨረጨር አግኝቼዋለሁ። ደግነቱ ያን ቀን መብራት አልሄደም።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ። ሰማያዊዋ ሲዲ… እንዴት ብዬ ልንገርህ። ፒያሳ ባንድ ቀን ሁለት ገዝተን አንድ አንድ የተካፈልናት። ልጄ የመኪና ጎማ አድርጎ ሲሚንቶው ላይ ሲያንከባልላት ደረስኩበት። የኔ ናት ብዬ ተጽናናሁ። ኋላ ሳጥኗን ስከፍት ወረቀቱ ላይ ያ ጠማማ ፊርማህ አለ! ተለዋውጠናል ማለት ነው። የኔዋ አንተ ጋ ናት፤ ያንተዋን ደግሞ ልጄ ነዳት።

የሚያንፀባርቀውን ፊቷን በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ጠረግኳት (ዙሪያውን ማሸት ያባብሳል አሉ)። ስድስቱ ዘፈኖች ያለ እንከን ወጡ። ሰባተኛዋ፣ ያንተዋ ትዝታ፣ 2 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ላይ፣ ልክ ማሲንቆው ሊገባ ሲል «አጠራጣሪ ቦታ» የሚል መጣ። ሁለት ጊዜ ገለበጥኳት፤ የማመሳከሪያ ቁጥሯ (ሶፍትዌሩ ከተነበበው ድምፅ አስልቶ የሚያወጣው፣ ንባቡ ትንሽ ቢለይ እሱም የሚለይ ቁጥር) ሁለት ዓይነት ሆነ። እንደገና ጠርጌ ብሞክር ሁለቴ አንድ ዓይነት ቁጥር ሰጠኝ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ተጠራጠርኩ። ጭረት ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ውሸት ሊያስነብብ ይችላላ!

ለፈረንጅ ሲዲ ቢሆን መላ ነበረው። አኪዩሬትሪፕ የሚባል መዝገብ አለ፤ ያንተን ግልባጭ ሌሎች ሰዎች ካወጡት ጋር ያስተያይልሃል። ከኛ ካርቶን ግን ያወቀልኝ ፓሪስ የታተሙትን ሁለት የኢትዮፒክስ ሲዲዎች ብቻ ነው። ሰማያዊዋን ጭራሽ ሰምቷትም አያውቅ። በዓለም ላይ እሷን የሚያመሳክርልኝ ሰው ቢኖር አንተ ነህ።

ስለዚህ የኔዋን (ማለቴ አንተ ጋ ያለችውን) በዚሁ ሶፍትዌር አንብብና የሰባተኛዋን ቁጥር ላክልኝ፤ ስምንት ምልክት ናት። አንድ ነገር አደራ፦ እያንዳንዱ ማንበቢያ ትንሽ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ነው የሚጀምረው፣ ኦፍሴት ይሉታል። እሱ ካልተስተካከለ ሁለታችንም ልክ ሆነን ቁጥራችን ይለያያል። ለማስተካከል ደግሞ መጀመሪያ መዝገቡ የሚያውቀው የታወቀ ሲዲ መክተት አለብህ። በር ዘግተህ የምትሰማው ያ የፈረንጅ የፍቅር ዘፈን አሁንም አለ አይደል? በል፣ ዛሬ ይጥቀምህ።

ፋይሏን ላክልኝ ማለት ይቀለኝ ነበር። ቁጥሩ ካልገጠመ እሱንም እለምንሃለሁ። ግን መጀመሪያ ማወቅ የምፈልገው ያንተዋ ድና እንደሆነ ነው። ድና ከሆነ ሳጥኗን አጥቤ፣ ከነፊርማህ፣ ወደዚያ በሚመጣ ሰው እልክልሃለሁ። ካልዳነች… እንጃ። የዚያን ማታውም ነገር እንዲሁ ነው፣ ምን እንደምል እንጃ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

ለእትዬ ሰላምታዬን ንገርልኝ። በቴሌግራም ብትጽፍም ይደርሰኛል። ብትደውልም አነሳለሁ፤ ከማታው አንድ ሰዓት በኋላ ግን፣ ከዚያ በፊት ታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ።

ያው ባለዕዳህ