ዘንድሮ ዶቃ አልሰካንም፦ የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ክበብ የ2018 ዓ.ም. ዘገባ

በወላጆች ቀን የእኛን ጠረጴዛ ታውቁታላችሁ። ዶቃ፣ የእጅ አምባር፣ በክር የተሠራ የቁልፍ መያዣ። ወላጆች “ጎበዞች!” ብለው አንድ ሁለት ይገዛሉ፤ ቤት ሲደርሱ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። በልዩ ክፍል “ሙያ” ስንል የኖርነው ይህንኑ ነው። መስከረም ላይ ግን ከአባላቱ ጋር ተቀምጠን፣ ሰው ለማበረታታት ብቻ የሚገዛውን ነገር መሥራት ይቁም አልን። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ቅር ያለው ካለ እኔን ይውቀስ።

ነገሩ የዕድሜ ጉዳይ ነው። በልዩ ክፍላችን የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ ኦቲዝምና ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ተማሪዎች መካከል 9ኙ 15 ዓመት አልፏቸዋል። ትልቁ 19 ነው። እኩዮቹ ሚኒስትሪ ተፈትነው ከሄዱ ቆይተዋል፤ እሱ ዛሬም ጉልበቱ ጠረጴዛውን እየነካ ቀለም ይቀባል። ለምን ቢባል፣ ሌላ የሚሄድበት ስለሌለ። ፈተና አልተፈተነም፣ ሰርተፊኬት የለውም። ቴክኒክና ሙያ ሲኬድ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው የትምህርት ማስረጃ ነው። ስለዚህ በየሰኔው ወላጆች “ቲቸር፣ አንድ ዓመት ብቻ ይቆይልን” ይላሉ፤ እኛም እሺ እንላለን።

ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ከ20 ዓመት በላይ በፊት ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ትልቁ ትግል ልጆቹን ከተደበቁበት ቤት ማስወጣት ነበር። ጎረቤቱ እርግማን ነው ይላል፤ ቤተሰቡ በር ይዘጋል። እሳቸው በ2013 ዓ.ም. አረፉ። ያኔ ሕፃናት የነበሩት ግን አድገዋል፣ ጢም አብቅለዋል። ከትምህርት ቤት ሲወጡ ተመልሰው እዚያው ቤት ከሆነ የሚገቡት፣ የተደከመው ሁሉ ለምን ነበር?

የክበቡ አባላት ግማሾቹ ከልዩ ክፍል፣ ግማሾቹ ከ7ኛና ከ8ኛ ክፍል ናቸው። ስም አልጠራም፤ ከወላጆች ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው።

ከሥራ በፊት ታክሲ ነበር። ታክሲ መሳፈር የማይችል ሰው የት ሄዶ ይሠራል? የክፍሉን ወንበሮች እንደ ሚኒባስ ደረደርናቸው። አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ ረዳት ሆኖ “ስታዲየም በጎተራ! ሁለት ሰው የሞላ!” ሲል እንዴት እንደተካነበት አልጠየቅሁትም። ብር በቀለም አስጠናን፤ 10 ብር አረንጓዴ፣ 200 ብር ወይን ጠጅ። መልስ መቁጠር ለሚከብደው የታክሲውን ሒሳብ ልክ ብቻ የሚይዝ ትንሽ ቦርሳ ሰጠነው። መልስ ከሌለ ጭቅጭቅ የለም።

አንዲት ዳውን ሲንድረም ያለባት ተማሪያችን ከሳሪስ ተሳፍራ የምትወርደው ጎተራ ነው። ሁሉን ትችላለች፤ ችግሩ ድምጿ ነው። “ወራጅ አለ” ስትል ለራሷ የምታንሾካሹክ ነው የሚመስለው። ረዳቱ የሚሰማት ታክሲው መሿለኪያ ሲደርስ ነው። ጮክ ብላ እንድትል ብዙ ተለማመደች፤ አልሆነም። መላውን ያመጣችው የ7ኛ ክፍል ጓደኛዋ ናት። “ሒሳብ ስትከፍይ እኮ ረዳቱ ያይሻል። ያኔውኑ ንገሪው” አለቻት። አሁን ብሩን ስትዘረጋ “ጎተራ ወራጅ ነኝ” ትላለች፤ ረዳቱ ራሱ ያስታውሳታል። መጀመሪያ አብረናት ተሳፈርን። ቀጥሎ ከኋላ ወንበር ሆነን፣ እንደማናውቃት። በመጨረሻ ብቻዋን። ብቻዋን ያልነው ቀን ግን እናቷ በሚቀጥለው ታክሲ ተከትለዋት ነበር። “ምን ላድርግ፣ አንጀቴ አልችል አለኝ” አሉኝ በኋላ። አልፈርድባቸውም።

ዶቃውን የተካው የወረቀት ከረጢት ነው። ፌስታል በአዋጅ መከልከሉ ለእኛ ሠርግና ምላሽ ሆነልን። ከመርካቶ ክራፍት ወረቀት ገዛን፤ አንዱ ይለካል፣ አንዱ ያጥፋል፣ አንዱ ኮላ ይቀባል። ሥጋ ቤቱ “እርጥበት ይቀደዋል” ብሎ መለሰን፤ እውነቱን ነው። አንድ መድኃኒት ቤትና ሁለት ሱቆች ግን በየሳምንቱ ያዝዙናል። ትእዛዝ ምን እንደሆነ ልጆቹ ያወቁት እዚህ ነው። አርብ ከተባለ አርብ ነው። አንዴ ኮላው ሳይደርቅ አስረክበን ግማሹ ተመለሰ፤ ቁጭ ብለው እንደገና ሠሩት። ዶቃ ቢሆን ኖሮ ተንጋድዶም “ውይ ሲያምር!” ተብሎ ያልፍ ነበር። እንደ ሠራተኛ የተቆጠሩት ከረጢቱ የተመለሰ ቀን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከክፍል ውጭ ሥራ መለማመድ የጀመርነው ከጥር በኋላ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጠርም፤ ከ15 እስከ 18 ያለውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ስለዚህ መጀመሪያ የልደት ሰርተፊኬት አየን። ሁለት ልጆች የትምህርት ቤቱን ምግብ የሚያበስሉት የምገባ እናቶች ዘንድ ሽንኩርት ልጠው ሳህን ያጥባሉ። የ19 ዓመቱ ወጣት ሰፈር ውስጥ ያለ ዳቦ ቤት ገባ።

ኦቲዝም አለበት፤ ድምፅ ይረብሸዋል። ሊጥ ማቡኪያው ሲነሣ ጆሮውን ይዞ ወጣ። ባለቤቱ “ልጁ ጨዋ ነው፣ ግን ሥራ አይሆነውም” አሉ። የክበቡ ልጆች ሄደው ሲያዩ፣ ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ጠፍቶ ዳቦ ብቻ የሚቆጠርበትና የሚታሸግበት ሰዓት እንዳለ አገኙ። ችግሩ ቆጠራው ነበር፤ ከ6 በላይ ሲደርስ ይምታታበታል። ካርቶን ላይ 10 ክብ ሣሉለት። በእያንዳንዱ ክብ ላይ አንድ ዳቦ ያኖራል፤ ባዶ ክብ ከሌለ ወደ ከረጢት ይገለብጣል። መቁጠር የለ፣ መሳሳት የለ። አሁን ሌላው ሠራተኛም በዚያው ካርቶን ይጠቀማል።

ከዚያ የደመወዝ ክርክር መጣ። ባለቤቱ “ለትራንስፖርት የሆነ ነገር እሰጠዋለሁ” አሉ። ደግ ሰው ናቸው፣ ግን በዚህ አልተስማማሁም። የትራንስፖርት ገንዘብ ለእንግዳ ነው የሚሰጠው፤ የሠራ ሰው ደመወዝ ነው የሚከፈለው። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ከወጣ ቆይቷል። በአካል ጉዳት ምክንያት አድልዎ ማድረግን ይከለክላል፤ የሥራ ቦታውን የሚመች የማድረግ ኃላፊነትንም በአሠሪው ላይ ይጥላል። አዋጁን ይዤ ሄድኩ፤ ሻይ ጠጣን፤ ትንሽ ተኮራረፍን። ከፋሲካ ወዲህ በሰዓት እንደ ሌሎቹ ይከፈለዋል።

ደመወዝ ሲመጣ መታወቂያ ተፈለገ። የባንክ ደብተር ለመክፈት ፋይዳ ያስፈልጋል፤ ለፋይዳ ደግሞ 10 ጣት፣ ፎቶና የዓይን አሻራ መስጠት ግድ ነው። መዳፉን ሰው ሲነካው የሚጮህ ልጅ ይዞ ሰልፍ መቆም ምን እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጣታቸውን መስታወት ላይ መጫን፣ ስልክ ካሜራ ላይ ዓይን ሳይጨፍኑ መቆየት ተለማመዱ። ወላጆችም ሰው የማይበዛበትን ሰዓት ጠይቀው ሄዱ። 18 ዓመት የሞላቸው 4ቱም ተመዝግበዋል። ሕግ ፊት አዋቂ የሚኮነው 18 ዓመት ሲሞላ ስለሆነ፣ ቅጹን ወላጅ ሲሞላላቸው እንኳ ጥያቄው ለእነሱ እንዲቀርብ ልጆቹን “ለእኔ ንገሪኝ” ማለት አስለመድናቸው። አንዱ ይህንኑ ቃል ቤት ይዞት ገብቶ እናቱን አስቸግሯል።

መጋቢት 24 የኦቲዝም ቀን አለፈ፤ ፊኛ ነፋን፣ ቲሸርት ለበስን። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ያልተሳካውም አለ። ከ9ኙ 2ቱ በቃል አይናገሩም፤ ቀኑን ሙሉ አጠገባቸው ሰው ያስፈልጋል። የሚቀበላቸው የሥራ ቦታ አላገኘንም። አንዷ ከረጢት ስትደረድር ደስ ይላታል፣ ግማሽ ሰዓት ትቆያለች፤ ከዚያ መሄድ ትፈልጋለች፤ እንሸኛታለን። ለእነሱ የሚሆነው ዳቦ ቤት አይደለም፤ ቀን የሚውሉበት፣ እናት እፎይ የምትልበት ቦታ ነው። ይህ በክበብ አቅም የሚሆን አይደለም። ለወረዳው በደብዳቤ አቅርበናል።

ዳቦ ቤት የሚሠራው ወጣት በዚህ ሰኔ ይለቃል። ርእሰ መምህሩ ሰርተፊኬት ሊሰጡት አይችሉም፤ የሚችለውን ሥራ በዝርዝር የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ግን ፈርመውለታል። ለቀሪዎቹም እንዲሁ እንዲደረግ ተስማምተናል።

በመስከረም መመዝገብ የምትፈልጉ የ6ኛና የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ረቡዕ ከምሳ በኋላ ልዩ ክፍል ኑ። ከመምጣታችሁ በፊት ወላጆቻችሁን አስፈቅዱ፤ ታክሲ አለ። ቤታችሁ የተረፈ መቀስና ማስመሪያ ካለም ይዛችሁ ኑ፤ የእኛዎቹ አልቀዋል።